ለአነስተኛ የኤሌክትሮማግኔት ማስወንጨፊያ መከላከያ ዳዮዶችን የመምረጥና የመግጠም መመሪያ

የኤሌክትሮማግኔት ማስወንጨፊያ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ማለትም ኮይል፣ ለአጭር ቅጽበት ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት በቱቦው አፍ ላይ የተቀመጠችን የብረት ቁራጭ ወደ መሃሉ ስቦ በሌላኛው ጫፍ እንድትወጣ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። የመግነጢስን ኃይል በዓይን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የትምህርት መሣሪያ ማግኘት ስለሚያስቸግር በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ያሉ ተማሪዎች ሊሠሩት ይወዳሉ። ነገር ግን ኮይሉ በትክክል ተጠምጥሞ፣ ካፓሲተሩም (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ የሚለቀው ዕቃ) ተሞልቶ፣ መሣሪያው ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ሞስፌቱ (ጅረቱን የሚከፍትና የሚዘጋው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚቃጠልበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ማለትም ዳዮዱ፣ መረሳቱ፣ ያለ ቦታው መግባቱ ወይም ተገልብጦ መገጠሙ ነው።

በዚህ መመሪያ እንደ ምሳሌ የሚያገለግለው መሣሪያ በ24 ቮልት የሚሠራና በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሳያ ነው። ይህ ልክ የተመረጠው በምክንያት ስለሆነ እንዳይለወጥ አጥብቄ አሳስባለሁ። ከፎቶ ካሜራ ፍላሽ የሚወጡ ካፓሲተሮች 300 ቮልት ገደማ የሚይዙ ሲሆን ሰውን ሊገድሉ ይችላሉ። ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ ተቀይሮ የሚመጣ ኃይልም እንዲሁ ነው። ኃይሉ ከዋናው መስመር ተለይቶ ከተሠራ አዳፕተር ብቻ ይምጣ። የምትወነጨፈው የብረት ቁራጭ ጫፏ የደነዘዘ ይሁን፤ ማረፊያዋም ጨርቅ የተነጠፈበት የካርቶን ሳጥን ይሁን። ማንም ሰው፣ ሠሪውም ራሱ ቢሆን፣ በቱቦው ፊት ለፊት አይቁም።

ዳዮዱ ለምን እንደሚያስፈልግ

በኮይል ውስጥ የሚያልፍ ጅረት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም ኃይል አምቆ ይይዛል። ሞስፌቱ በድንገት ሲዘጋ ጅረቱ በዚያው ቅጽበት ዜሮ መሆን አይችልም፤ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ባለበት ደርቆ መቆም እንደማይችለው ሁሉ፣ የኮይሉ ጅረትም መሄጃ መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ካጣ ኮይሉ በራሱ ጫፎች ላይ የቮልቴጁን አቅጣጫ ገልብጦ፣ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ከፍ ያደርገዋል። የቮልቴጁ መጠን የኮይሉ ኢንዳክታንስ (የጅረትን ለውጥ የሚቃወምበት መጠን) ጅረቱ በሚለወጥበት ፍጥነት ተባዝቶ የሚገኝ ነው።

ቁጥሩን በምሳሌው ኮይል እንየው። ውጫዊ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ፣ በ30 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ 250 ዙር ቢጠመጠም፣ ሬዚስታንሱ 0.75 ኦም አካባቢ፣ ብረት ሳይገባበት ኢንዳክታንሱ 170 ማይክሮ ሄንሪ አካባቢ ይሆናል። 24 ቮልት የተሞላ 4700 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በዚህ ኮይል ላይ ሲለቀቅ ጅረቱ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ 25 አምፔር ይወጣል። ሞስፌቱ ይህን ጅረት በ1 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ለመቁረጥ ቢሞክር ስሌቱ የሚሰጠው ከ4000 ቮልት በላይ ነው። በተግባር ቮልቴጁ እዚያ አይደርስም፤ ምክንያቱም ከዚያ አስቀድሞ 55 ቮልት ብቻ መሸከም የሚችለው ሞስፌት በግዱ መምራት ይጀምርና በኮይሉ ውስጥ የነበረውን ኃይል በገዛ አካሉ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጠንካራ የሆነው ይህን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል፤ ደካማው ግን በመጀመሪያው ምት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ «ያለ ዳዮድ ሠርቶልኛል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የሠራለት ግን በሞስፌቱ ዕድሜ ነው።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ራሱ በኤሌክትሪክ አደጋ የተለወጠ ነው። ኖርዌጂያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክሪስቲያን ቢርኬላንድ የኤሌክትሮማግኔት መድፍ ፈጥሮ በ1901 የባለቤትነት መብት ጠየቀበት፤ በ1903 ደግሞ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ለሕዝብ ሲያሳይ መሣሪያው ሾርት አድርጎ በእሳት ብልጭታና በከፍተኛ ድምፅ አዳራሹን አወከው። ቢርኬላንድ ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ቅስትን ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ማዳበሪያ ለመሥራት ከኢንጂነር ሳም አይደ ጋር ተጠቀመበት።

አንደኛ፦ ዕቃዎቹን ማሰባሰብ

የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦ 24 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ አዳፕተር፤ 4700 ማይክሮ ፋራድ 50 ቮልት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር፤ ጌት በተባለው የመክፈቻ እግሩ 5 ቮልት ሲደርሰው በሚገባ የሚከፈት አይአርኤልዜድ44ኤን ሞስፌት፤ ሁለት 1ኤን5408 ዳዮዶች፤ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ፤ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ፤ 12 ቮልት ዜነር (ቮልቴጅ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገታ ዳዮድ)፤ በስምንተኛው ደረጃ የሚያገለግል 0.1 ማይክሮ ፋራድ 100 ቮልት ፊልም ካፓሲተር፤ እንዲሁም 220 ኦም 5 ዋት፣ 100 ኦም 5 ዋት፣ ሁለት 1 ኦም 5 ዋት፣ ሁለት 10 ኪሎ ኦም፣ አንድ ተራ 100 ኦምና አንድ 150 ኦም ሬዚስተሮች። ምቱን፣ ማለትም ሞስፌቱን ለአፍታ የሚከፍተውን የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ለመስጠት ማንኛውም 5 ቮልት የሚያወጣ አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ይበቃል። 1ኤን5408ን ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ወይም ከአሮጌ ኢንቨርተር መንቀል ይቻላል። የመዳብ ሽቦውም የተቃጠሉ ሞተሮችን ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች በቀላሉ ይገኛል።

ለኮይሉ 1ኤን5408 የተመረጠበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። በብዙ ቦታ የሚገኘው 1ኤን4007 ያለማቋረጥ 1 አምፔር የሚችል ሲሆን፣ ለአንድ አፍታ የሚመጣን ድንገተኛ ጅረት የሚቋቋመው እስከ 30 አምፔር ነው። የእኛ 25 አምፔር ከዚህ ጣሪያ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ ያ ጣሪያም በየጊዜው ለሚደጋገም ምት የተሰጠ አይደለም። 1ኤን5408 ግን ያለማቋረጥ 3 አምፔር፣ ለአፍታ ደግሞ 200 አምፔር ስለሚችል በቂ ትርፍ ይሰጣል። ሁለቱም እስከ 1000 ቮልት የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ይቋቋማሉ።

አንዳንዶች «ለኮይል ፈጣን ዳዮድ ግድ ነው» ሲሉ ይሰማል። ፈጣን የሚባለው ዳዮድ ፈጣን የሆነው ከመምራት ወደ መዝጋት በሚመለስበት ጊዜ ነው፤ ለመክፈት ግን ተራው ዳዮድም አይዘገይም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ በሚበራና በሚጠፋ የሞተር መቆጣጠሪያ ላይ መዝጋቱ ወሳኝ ነው። አንድ ጊዜ ተተኩሶ በርካታ ሰከንዶች በሚጠብቅ ማስወንጨፊያ ላይ ግን ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ በከንቱ ገንዘብ አያውጡበት።

ሁለተኛ፦ ዳዮዱን ከመግጠም በፊት መለካት

መልቲሜትሩን በዳዮድ ምልክት ላይ ያድርጉና ቀዩን ጫፍ በአኖዱ፣ ጥቁሩን ደግሞ ቀለበት በተሳለበት ጫፍ ማለትም በካቶዱ ላይ ያሳርፉ። ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት የሚያነብ ከሆነና ጫፎቹን ሲያቀያይሩ ምንም የማያሳልፍ ከሆነ ዳዮዱ ጤነኛ ነው። በሁለቱም በኩል ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሾርት ሆኗል፤ በሁለቱም በኩል ካላነበበ ደግሞ ተበጥሷል። የተበጠሰው ከሾርቱ ይልቅ ያሳስባል፤ ሾርት የሆነው መሣሪያው እንዳይሠራ አድርጎ ራሱን ያጋልጣል፣ የተበጠሰው ግን መሣሪያው በሚገባ የሚሠራ አስመስሎ ሞስፌቱን ያስበላል። ዳዮዱ ከኮይሉ ጋር ከተያያዘ በኋላ መልቲሜትሩ የሚያየው የኮይሉን ሽቦ ብቻ ስለሆነ፣ ልኬቱ መካሄድ ያለበት ሶልደር ከመደረጉ በፊት ነው።

ሦስተኛ፦ የኮይሉን ዳዮድ መግጠም

የኮይሉን አንድ ጫፍ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ከሞስፌቱ ድሬን (ጅረቱ ከሚገባበት እግር) ጋር ያገናኙ። የሞስፌቱ ሶርስ (ጅረቱ የሚወጣበት እግር) ከካፓሲተሩ ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል። ከዚያ የመጀመሪያውን 1ኤን5408 በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይግጠሙ፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ፣ ሌላው ወደ ድሬኑ። ሞስፌቱ ክፍት ሆኖ ኮይሉ ሲሠራ ዳዮዱ የተገላቢጦሽ ቆሞ ምንም አያሳልፍም። ሞስፌቱ ሲዘጋ የድሬኑ ቮልቴጅ ከፖዘቲቩ በላይ ለመውጣት ሲሞክር ዳዮዱ ይከፈትና ጅረቱ በኮይሉና በዳዮዱ መካከል እየዞረ ቀስ በቀስ ይሞታል። ድሬኑም ከካፓሲተሩ ቮልቴጅ 1 ቮልት ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል።

የዳዮዱ እግሮች አጭር ይሁኑ፤ ዳዮዱም ከኮይሉና ከሞስፌቱ አጠገብ ይቀመጥ። በረጅም ሽቦ ርቆ የተቀመጠ ዳዮድ የሽቦውን የራሱን ኢንዳክታንስ ሳይከላከል ይተወዋል። ዕቃዎች ያለ ሶልደር የሚሰኩበት ብሬድቦርድ 25 አምፔር አይችልም፤ ካፓሲተሩን፣ ኮይሉን፣ ሞስፌቱንና ዳዮዱን የሚያገናኘው መስመር በወፍራም ሽቦ ሶልደር ተደርጎ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። ሞስፌቱ በውስጡ የራሱ ዳዮድ ስላለው ሌላ አያስፈልገውም ይባላል። የውስጡ ዳዮድ ያለው በድሬንና በሶርስ መካከል ነው፤ አቅጣጫውም ድሬኑ ከሶርሱ በታች ሲወርድ ብቻ የሚከፈት ነው። የኮይሉ ምላሽ የሚመጣው ግን ድሬኑን ወደ ላይ በማንሳት ነው። ስለዚህ የውስጡ ዳዮድ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥበቃ አይሰጥም።

አራተኛ፦ የዳዮዱን ዋጋ ማስላት

ዳዮዱ ጥበቃውን የሚሰጠው በነፃ አይደለም። ጅረቱ መንገድ ስላገኘ ሞስፌቱ ከተዘጋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ በኮይሉ ውስጥ ይቆያል፤ መግነጢሱም አብሮት ይቆያል። የብረቷ ቁራጭ የኮይሉን መሃል አልፋ ስትወጣ መግነጢሱ ገና ካልሞተ ወደ ኋላ ይስባታል፤ ፍጥነቷም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ዳዮዱን ነቅለው የሚጥሉ አሉ። ውሳኔው ግን በስሌት እንጂ በግምት መሆን የለበትም።

በምሳሌው ኮይል 25 አምፔር በዳዮድ ብቻ እስኪጠፋ ድረስ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ካፓሲተሩ የያዘው ኃይል በሙሉ 1.35 ጁል ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ባለ አንድ ኮይል መሣሪያ ከዚያ ወደ ብረቷ የሚያሻግረው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ከመቶ አንድ እጅ ቢያሻግር እንኳ 4 ግራም ገደማ የምትመዝን ቁራጭ በሰከንድ ከ3 ሜትር ያነሰ ፍጥነት ይኖራታል። በ0.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ የምትሄደው ርቀት ታዲያ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለዚህች ርቀት ተብሎ ጥበቃን መቀነስ አያስፈልግም። በዚህ መጠን ባለ መሣሪያ ላይ ዳዮዱ ብቻውን በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁራጯ ወደ ኋላ የምትሳብ ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዳዮዱ ሳይሆን ከአርዱዊኖው የሚመጣው ምት ከሚገባው በላይ መርዘሙ ነው። መጀመሪያ ምቱን ያሳጥሩ።

ኮይሉ ብዙ ሺህ ዙር ያለው ከሆነ ግን ኢንዳክታንሱ በዙሩ ቁጥር ስኩዌር ስለሚያድግ ጅረቱ ለመሞት ብዙ ሚሊሰከንዶች ሊወስድበት ይችላል። ያን ጊዜ ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ ሬዚስተር ማስገባት ተገቢ ነው። ሁለት 1 ኦም ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን አያይዞ 0.5 ኦም ማግኘት ይቻላል። በምሳሌው ኮይል ይህ የመሞቻ ጊዜውን ከ0.7 ወደ 0.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ያወርደዋል። በምትኩ የድሬኑ ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ 25 አምፔር በ0.5 ኦም ሲባዛ 12.5 ቮልት ነው፤ በዚህ ላይ የዳዮዱ 1 ቮልትና የካፓሲተሩ 24 ቮልት ሲደመር 37.5 ቮልት ይሆናል። 55 ቮልት ለሚችለው ሞስፌት ይህ ምቹ ነው። 0.5 ኦሙን በ1 ኦም ቢተኩት ግን 50 ቮልት ስለሚደርስ ትርፉ በጣም ይጠባል። ሬዚስተር በጨመሩ ቁጥር ይህን ድምር እንደገና ሳያሰሉ ኃይል አያገናኙ።

ከሬዚስተር የተሻለው መንገድ 1.5ኬኢ15ኤ የተባለውን የቮልቴጅ መግቻ ዳዮድ ከ1ኤን5408 ጋር በተከታታይ ማያያዝ ነው። በሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ጅረቱ እየቀነሰ ሲሄድ አብሮ ይቀንሳል፤ መግቻው ግን እስከ መጨረሻው ወደ 15 ቮልት አካባቢ ይዞ ስለሚቆይ ጅረቱን ቶሎ ይገድላል። በእኛ ኮይል ጊዜው ከ0.2 ሚሊሰከንድ በታች ይወርዳል። ሲገጠም የሁለቱ ዳዮዶች ቀለበቶች ፊት ለፊት ይገናኙ፤ የ1ኤን5408 አኖድ ወደ ድሬኑ፣ የመግቻው አኖድ ወደ ፖዘቲቩ ይዙር። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ መግቻው እንደ ተራ ዳዮድ ስለሚመራ ምንም ለውጥ አያመጣም።

አምስተኛ፦ ካፓሲተሩን መጠበቅ

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተቀያየረ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በሠሪው እጅ ተገልብጦ መገጠሙ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላው ግን ከኮይሉ የሚመጣ ነው። ሞስፌቱ ክፍት እንዳለ ካፓሲተሩ ባዶ ሲሆን በኮይሉ ውስጥ ገና ጅረት ካለ፣ ያ ጅረት ካፓሲተሩን በተቃራኒው መሙላት ይጀምራል። ይህ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ወረዳው፣ ማለትም ጅረቱ የሚዞርበት ሙሉ መንገድ፣ ሬዚስታንስ ከአንድ ልክ ሲያንስ ነው፤ ልኩን ለማግኘት ኢንዳክታንሱን ለካፓሲታንሱ አካፍለው ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱና በሁለት ያባዙ። በምሳሌው 0.38 ኦም ይመጣል። የእኛ ወረዳ ሬዚስታንስ 0.8 ኦም ገደማ ስለሆነ ካፓሲተሩ አይገለበጥም። ወፍራም ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል ወይም አነስ ያለ ካፓሲተር ከተጠቀሙ ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት ነገር እዚህ ላይ አለ። በኮይሉ ላይ ዳዮድ ብቻውን ሲኖር ካፓሲተሩንም በተዘዋዋሪ ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም ካፓሲተሩ መገልበጥ ሲጀምር ያው ዳዮድ ይከፈትና ጅረቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። በአራተኛው ደረጃ ሬዚስተር ወይም መግቻ ከጨመሩ በኋላ ግን ይህ ጥበቃ ይላላል፤ ካፓሲተሩ ከመዳኑ በፊት በብዙ ቮልት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሬዚስተሩን ወይም መግቻውን የጨመረ ሰው ሁለተኛውን 1ኤን5408 በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ የግድ መግጠም አለበት፤ ቀለበቱ ወደ ካፓሲተሩ ፖዘቲቭ፣ አኖዱ ወደ ኔጋቲቩ። በሞስፌት ፋንታ ታይሪስተር የሚጠቀም ሰውም እንዲሁ ያድርግ፤ ታይሪስተር አንዴ ከተከፈተ ጅረቱ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ አይዘጋምና። እኔ ባላስፈለገም ጊዜ ይህን ዳዮድ መግጠምን እመርጣለሁ፤ ወደፊት ኮይሉን የሚቀይር ተማሪ ስሌቱን ላያስታውስ ይችላል።

ስድስተኛ፦ የመሙያውን መስመርና ጌቱን መጠበቅ

ከአዳፕተሩ ፖዘቲቭ ወደ ካፓሲተሩ በሚሄደው መስመር ላይ 1ኤን4007ንና 220 ኦም 5 ዋቱን በተከታታይ ያስገቡ፤ የዳዮዱ ቀለበት ወደ ካፓሲተሩ ይዙር። ዳዮዱ አዳፕተሩ ተገልብጦ ቢሰካ ወረዳውን ይጠብቃል፤ አዳፕተሩ ሲነቀልም ካፓሲተሩ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ያግዳል። ሬዚስተሩ ደግሞ ሞስፌቱ ሾርት ሆኖ ቢቀር ጅረቱን በ0.11 አምፔር ስለሚገድበው ከ3 ዋት ያነሰ ሙቀት ብቻ ይፈጠራል። ካፓሲተሩ በ5 ሰከንድ ገደማ ይሞላል።

ከአርዱዊኖው ወደ ጌቱ 150 ኦም ያስገቡ፤ ከጌቱ ወደ ሶርሱ 10 ኪሎ ኦም ያውርዱ፣ አርዱዊኖው ሲነሳ ጌቱ ባለቤት አጥቶ ሞስፌቱ በራሱ እንዳይከፈት። 12 ቮልቱን ዜነር በጌትና በሶርስ መካከል ይግጠሙ፤ ቀለበቱ ወደ ጌቱ። ይህ ሞስፌት በጌቱ ላይ ከ16 ቮልት በላይ አይችልም፤ ዜነሩም ከዚያ በፊት ይገታዋል። ሁለተኛውን 10 ኪሎ ኦም በካፓሲተሩ ላይ ይግጠሙ፤ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ በ4 ደቂቃ ገደማ ባዶ ያደርገዋል።

ሰባተኛ፦ ኃይል ከመስጠት በፊት የአቅጣጫ ፍተሻ

ተገልብጦ የተገጠመ የኮይል ዳዮድ ሞስፌቱ እስካልተከፈተ ድረስ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ካፓሲተሩም በሰላም ይሞላል። ችግሩ የሚታየው በመጀመሪያው ምት ነው፤ ያን ጊዜ የካፓሲተሩ ኃይል በሙሉ ኮይሉን ትቶ በዳዮዱና በሞስፌቱ በኩል ይጣደፋል። ስለዚህ ይህን ፍተሻ አይዝለሉ።

ካፓሲተሩን ከወረዳው ያውጡ፤ የኮይሉንም አንድ ጫፍ ይፍቱ። አሁን አዳፕተሩን ይሰኩና ካፓሲተሩ በነበረበት ቦታ ቮልቴጁን ይለኩ። 23 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። 0.7 ቮልት ካነበበ የካፓሲተሩ ዳዮድ ተገልብጧል። ከዚያ በአርዱዊኖው ሞስፌቱን ያለማቋረጥ ይክፈቱት። ቁጥሩ 23 ቮልት ላይ ከጸና የኮይሉ ዳዮድ ልክ ነው፤ ወደ 1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከወደቀ ዳዮዱ ተገልብጧል። በሁለቱም ሁኔታ 220 ኦሙ ጅረቱን ስለሚገታው ምንም ዕቃ አይቃጠልም። ከፍተሻው በኋላ አዳፕተሩን ነቅለው ካፓሲተሩንና ኮይሉን ይመልሱ።

ስምንተኛ፦ የድሬኑን ቮልቴጅ ያለ ኦሲሎስኮፕ መለካት

ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ያለው ሰው በድሬኑ ላይ አሳርፎ ውጤቱን ወዲያው ያያል። ለሌለው ቀላል መንገድ አለ። ተራውን 100 ኦም ከድሬኑ ጋር፣ ቀጥሎ የ1ኤን4148ን አኖድ፣ ከካቶዱ ደግሞ 0.1 ማይክሮ ፋራድ 100 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ወደ ሶርሱ ያገናኙና መልቲሜትሩን በዚህ ትንሽ ካፓሲተር ላይ ያሳርፉ። ካፓሲተሯ ድሬኑ የደረሰበትን ከፍተኛ ቮልቴጅ ለአንድ ሰከንድ ያህል ትይዛለች።

አርዱዊኖውን 1 ሚሊሰከንድ ምት እንዲሰጥ ያዘጋጁ፤ በዚህ ጊዜ ጅረቱ ከከፍተኛው ብዙም ስላልራቀ ፈተናው ከባዱ ነው። የብረቷን ቁራጭ ያውጡና አንድ ምት ይስጡ። በኮይሉ ላይ ዳዮድ ብቻ ካለ ቁጥሩ ከምቱ በፊት ከነበረበት ወደ ላይ አይዘልም፤ ምክንያቱም ካፓሲተሩ በምቱ ጊዜ ጥቂት ቮልት ስለሚያጣ የዳዮዱ 1 ቮልት ተጨምሮበትም ከመነሻው አይበልጥም። ከ0.5 ኦም ሬዚስተር ጋር ከሆነ ወደ 32 ቮልት አካባቢ ዘሎ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ከ50 ቮልት በላይ ካነበበ ዳዮዱ ተበጥሷል ወይም ሶልደሩ አልያዘም ማለት ነው፤ ሁለተኛ ምት ሳይሰጡ ያቁሙ።

ልኬቱ ከተስማማ በኋላ ቁራጯን በቱቦው አፍ ያስገቡና ምቱን ከ1 ሚሊሰከንድ ጀምረው በትንሽ በትንሹ ያርዝሙ። ቁራጯ የምታርፍበት ርቀት እየጨመረ ሄዶ መቀነስ የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ጥቂት መለስ ያለው ጊዜ ለእርስዎ ኮይል ትክክለኛው ነው። የቁራጯ መነሻ ቦታም ውጤቱን ስለሚለውጠው በቱቦው ላይ ምልክት አድርገው ሁልጊዜ ከዚያው ያስነሷት።

መሣሪያው ሠርቶ ድንገት ቢያቆም የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሞስፌቱ ላይ ይሁን። ካፓሲተሩ አልሞላ ካለና 220 ኦሙ ከሞቀ፣ በድሬንና በሶርስ መካከል ሾርት ሆኗል። አዲስ ሞስፌት ከመተካት በፊት የኮይሉን ዳዮድ አንድ እግሩን ፈትተው በመልቲሜትር ይለኩት፤ ያለዚያ አዲሱም የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። ለማንኛውም ጥገና እጅዎን ወደ ወረዳው ከማስገባትዎ በፊት አዳፕተሩን ይንቀሉ፤ 100 ኦም 5 ዋቱን በተሸፈነ መያዣ ይዘው በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ ለ3 ሰከንድ ያሳርፉ፣ ከዚያም ቮልቴጁ ከ1 ቮልት በታች መውረዱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ።